«ኦቲዝሙ ባሰበት» ከማለታችን በፊት

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ወላጆች፣ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፤

ኦቲዝም ምን እንደሆነ ላስረዳ አልመጣሁም። እዚህ ከተቀመጡት እናቶች ብዙዎቹ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ሌሊቱንም ቀኑንም አብረውት ኖረዋል። የመጣሁት ስለ ሌላ ነገር ለመነጋገር ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ በላዩ ላይ ድባቴ ሲይዘው፣ ጭንቀት ሲያሸንፈው፣ ስሜቱ ከልክ በላይ ሲወርድ ወይም ሲወጣ በምን እናውቃለን? ካወቅንስ በኋላ ምን እናደርግለታለን?

አንድ ልጅ በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙልኝ። ቡራዩ ከታ ይኖራል። ዕድሜው አሥር ነው፤ ከአምስት ስድስት ቃል በላይ አይናገርም። የጀሪካን ክዳን ይወዳል። ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣ ቢጫውን ከቢጫ እየለየ ከበሩ ደፍ እስከ አልጋው እግር ይደረድራል፤ አንዷን ከቦታዋ ካነሳችሁበት ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል። ያሳደገችው አክስቱ ናት፤ እናቱ ከሥራ የምትመለሰው ማታ ነው። አክስቱ አንድ ቀን ወደ አረብ አገር ተነሣች። ቤተሰቡ ሻንጣ ሲያስር፣ ሲመርቅ፣ ሲያለቅስ ሰነበተ፤ ለልጁ ግን «እሱ ምን ይገባዋል» ተብሎ ማንም ምንም አልነገረውም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ክዳኖቹ አልጋ ሥር እንደተበተኑ ቀሩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይነቃና አይተኛም። ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። እጁን መንከስ ጀመረ። አክስቱ ስትደውልና ድምጿን በስልኩ ሲሰማ በሩን ሊከፍት ይሮጣል፤ ውጭ ማንም የለም፤ ተመልሶ ራሱን ከግድግዳው ጋር ያጋጫል። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ አንዳንዴ ሐኪሙም አንድ ነገር ይላሉ፦ «ኦቲዝሙ ባሰበት።»

የማንንም ቤት ገመና አላወጣሁም፤ በየቤቱ የሚታየውን በአንድ ልጅ ላይ ሰብስቤ ነው የነገርኳችሁ። ግን እስቲ አስቡት። ይኸው ነገር ኦቲዝም በሌለበት የአሥር ዓመት ልጅ ላይ ቢደርስ ኖሮ ምን እንል ነበር? «አሳዳጊው ሄዳበት ልቡ ተሰበረ» እንል ነበር። እናቅፈው፣ እናባብለው፣ ካልተሻለው ሐኪም ዘንድ እንወስደው ነበር። ኦቲዝም የሚል ስም ያለበት ልጅ ግን ሐዘኑም፣ ፍርሃቱም፣ የጥርስ ሕመሙም ሳይቀር በዚያ ስም ይጠቀለልበታል።

ዛሬ አጥብቄ የምናገረውም ይህንኑ ነው። ኦቲዝም አንድ ቀን ተነሥቶ የሚመጣ በሽታ አይደለም፤ ከጨቅላነቱ ጀምሮ ከልጁ ጋር አብሮ የኖረ አፈጣጠሩ ነው። ድባቴ ግን የመጣበት ጊዜ አለው። «ከመቼ ወዲህ ነው?» ስትባሉ «ከፋሲካ ወዲህ»፣ «ቤት ከቀየርን ጀምሮ»፣ «አያቱ ካረፉ ወዲህ» ብላችሁ መመለስ ከቻላችሁ፣ የምታዩት ኦቲዝሙን ብቻ አይደለም። ሌላ ነገር ተጨምሯል ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ተፈልጎ መገኘት አለበት።

ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በአሜሪካ ባልቲሞር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች የጻፈው ጽሑፍ ኦቲዝም ዛሬ በምናውቀው መልኩ መታወቅ የጀመረበት ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ባለሙያው ሁሉ ያተኮረው እነዚህ ልጆች ከሌላው በምን እንደሚለዩ ላይ ነበር። ከሌላው ጋር የሚጋሩት ነገር፣ ማለትም ማዘን፣ መፍራት፣ መናፈቅ፣ ተስፋ መቁረጥ ብዙም አልተጠየቀም። ከጊዜ በኋላ ጥናቶች መውጣት ሲጀምሩ የተገኘው ከባድ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ከመቶው ሰባው ያህል ከኦቲዝሙ ሌላ ቢያንስ አንድ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለባቸው አሳየ፤ ከሁሉ በርትቶ የታየው ጭንቀት ነው። በኋላ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች በዕድሜያቸው በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው አራት እጥፍ እንደሆነ ደምድሟል። ዕድሜው ከፍ ሲል፣ በተለይ የሚናገረውና ትምህርት የሚከተለው ልጅ ከእኩዮቹ መለየቱን ማስተዋል ሲጀምር፣ ድባቴው ይብሳል። «ይሄኛውማ ቀላል ኦቲዝም ነው ያለበት» የምንለው ልጅ ብቻውን በውስጡ የሚያለቅስ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ይህን ያህል ብዙ ከሆነ ስለ ምን አይታይም? ድባቴን የምንለይበት የተለመደው መንገድ የልጁን አፍና ፊት ስለሚጠይቅ ነው። «ደስታ ይሰማሃል? ተስፋ ትቆርጣለህ?» ይባላል። የማይናገር ልጅ ምን ይመልስ? የሚናገረውም ቢሆን በውስጡ የሚሰማውን በስም ለይቶ መጥራት ብዙ ጊዜ ይቸግረዋል፤ ሆዴን አመመኝ ይላል፣ ወይም ዝም ይላል። ፊቱ ቀድሞም ስሜት የማያሳይ፣ ዓይኑ ቀድሞም የሚሸሽ ከሆነ በፊቱ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ ይህን ልጅ ከጎረቤት ልጅ ጋር ማስተያየት ዋጋ የለውም። ማስተያየት ያለባችሁ ከራሱ ጋር ነው፤ የዛሬውን ከዛሬ ሦስት ወሩ።

እናቶቼ፣ ከሁሉ በፊት የሚወደውን ነገር ተከታተሉ። ክዳን ይሁን፣ የመኪና ጎማ ማሽከርከር ይሁን፣ ውሃ ሲፈስ ማየት ይሁን፣ ለእናንተ ትርጉም ባይሰጣችሁም የእሱ ደስታ እዚያ ነው። አንዳንድ ወላጅ ልጁ መደርደሩን ሲተው «ተሻለው!» ብሎ ደስ ይለዋል። ልጁ መደርደሩን ትቶ ሌላ ጨዋታ ከጀመረ አዎ፣ ደስ ይበላችሁ። ትቶ ጥግ ይዞ ከተቀመጠ ግን መጨነቅ ይገባል። ከዚያ እንቅልፉንና ምግቡን እዩ። ያለ ምክንያት የሚመጣ ለቅሶ፣ አዲስ የመጣ ቁጣ፣ ራስን መምታትና መንከስ፣ ሽንት ቤት መሄድ ለምዶ የነበረው እንደገና በልብሱ ላይ መጀመሩ፣ የነበሩት ጥቂት ቃላት መጥፋታቸው፣ እነዚህ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆዩ ዝም አይባሉም። በልጆች ላይ ድባቴ ከማልቀስ ይልቅ በመነጫነጭና በቁጣ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ ኦቲዝም ባለበት ልጅ ላይ ደግሞ ይህ ይጎላል።

ስሜት የሚወርድ ብቻ አይደለም፤ የሚወጣም አለ። ልጁ ለቀናት ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ምንም ሳይደክመው የሚውል፣ ያለ ምክንያት የሚስቅ፣ ከወትሮው እጅግ የበለጠ የሚሯሯጥ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ የሚረጋጋ ወይም የሚደበት ከሆነ፣ ባይፖላር የሚባለው ሕመም ሊሆን ስለሚችል ይህንን ለይታችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ሕክምናው ይለያል። ለድባቴ የሚሰጠው መድኃኒት ይህንን ዓይነቱን ሕመም ሊያባብሰው ይችላል።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አይቻልም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ይበቃችኋል። ሌሊት ከተኛ አንድ ጭረት፣ ካልተኛ ክብ፤ ራሱን ከመታ ነጥብ። ማንበብ የማይችሉ እናትም ይህን ያደርጋሉ። በስልካችሁም ደህና በነበረበት ጊዜ የቀረጻችሁት ካለ አታጥፉት። ሐኪሙ ፊት ልጁ ለአሥር ደቂቃ ይቀመጣል፤ ፈርቶ ይጮህ ይሆናል፣ ወይም ደንግጦ ዝም ይላል። ያ አሥር ደቂቃ ስለ ልጁ ምንም አይናገርም። የሦስት ወር ጭረትና ሁለት ቪዲዮ ግን ይናገራሉ።

ወደ ሕክምናው ስንገባ በቅድሚያ የሚመረመረው ገላው ነው። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። መናገር የማይችል ልጅ ጆሮው መግል ይዞ፣ ጥርሱ ተቦርቡሮ፣ ሆዱ ለሳምንት ደርቆ ራሱን ቢመታ፣ በድባቴ መድኃኒት አይድንም። ጆሮው ይታይ፣ አፉ ይከፈት፣ ሆዱ ይዳሰስ። ሌላም አለ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች በርካቶቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው፤ በየጤና ጣቢያችን ለሚጥል በሽታ በብዛት የሚሰጠው ደግሞ ፌኖባርቢታል ነው። ርካሽ ነው፣ ይገኛል፣ መንቀጥቀጡንም ያቆማል። ነገር ግን አንዳንድ ልጆችን ያቅበጠብጣቸዋል፣ ያነጫንጫቸዋል፣ ያደብታቸዋል። የልጃችሁ ጠባይ የተለወጠው መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም ከተጨመረ በኋላ ከሆነ ይህን ተናገሩ። በራሳችሁ ፈቃድ ግን በድንገት አታቋርጡት፤ ድንገት የተቋረጠ ፌኖባርቢታል ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። መቀየሩ የሐኪሙ ሥራ ነው።

ገላው ደህና ከሆነ ጥያቄው «ልጁ ምን አጣ? ምን ተለወጠበት?» የሚለው ነው። በእነዚህ ሦስት ከተሞቻችን ይህ ጥያቄ ብዙ መልስ አለው። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አላስቀምጥ ብሎት ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ የወጣው ቤተሰብ ብዙ ነው፤ እዚህ ከመጣም በኋላ አከራዩ በጨመረ ቁጥር ይነሣል። ለአዋቂ ቤት መቀየር ዕቃ መጫን ነው። መንገዱን፣ የበሩን ቀለም፣ የሱቁን ቦታ ተደግፎ ለሚኖር ልጅ ግን ዓለሙ በአንድ ቀን ፈረሰበት ማለት ነው። ልቅሶም እንዲሁ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ቤቱ በማያውቀው ሰው ይሞላል፣ እናቱ ደረቷን እየመታች ትጮኻለች፤ ከሦስት ቀን በኋላ ድንኳኑ ይነሣል፣ አያቱም የሉም፣ ማንም አይነግረውም። ልጁ ግን ያውቃል። የጎደለውን ወንበር ያያል።

ስለዚህ ንገሩት። በአጭሩ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ደጋግማችሁ። ሞት ከሆነ «ሩቅ አገር ሄዱ» አትበሉት፤ ቃሉን እንዳለ ይዞ በር ላይ ሲጠብቅ ይኖራል። የሚሄድ ሰው ካለ አስቀድማችሁ በፎቶ አሳዩት፤ የሄደችውን አክስት ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፉለት፤ በስልክ ስትደውል ድምጿን ብቻ ሳይሆን ፊቷን ይይ፣ የምትደውልበትም ሰዓት አይለዋወጥ። ቤት ስትቀይሩ የእሱ ዕቃ ከሁሉ በፊት ይገባና እንደ ድሮው ይቀመጥለት። የቀኑን ውሎ በሥዕል አስቀምጡለት፤ መነሣት፣ መታጠብ፣ ቁርስ፣ መውጣት። ካርቶንና እስክሪብቶ ይበቃል። ይወደው የነበረውንና የተወውን ነገር ደግሞ በግድ ሳይሆን ከጎኑ ቁጭ ብላችሁ እናንተ ጀምሩት። ክዳኖቹን ሰብስባችሁ ሦስቱን ደርድሩና አራተኛዋን በእጁ አስይዙት። የማይረባ ይመስላል፤ ለድባቴ ከሚደረገው ሕክምና ግን አንዱ ዋና ክፍል ይኸው ነው፤ ሰውየውን ቀስ በቀስ ወደ ደስታው መመለስ።

በኦሮምኛ አፉን ለፈታ ልጅ በኦሮምኛ ንገሩት፤ በአማርኛ ለፈታው በአማርኛ። «ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል፣ የእናቱን ቋንቋ ይተው» የሚል ምክር ብዙ ወላጅ ይሰማል። ጥናቶች ይህን አይደግፉም። አጽናኝ ቃል የሚገባው እናቱ ባቀፈችበት ቋንቋ ነው።

መናገር ለሚችለው ልጅ ሌላም ሕክምና አለ። ሐሳብንና ስሜትን እየለዩ ፍርሃትን በጥቂት በጥቂቱ መጋፈጥ የሚያስተምረው የምክክር ሕክምና፣ በሥዕልና በልጁ ፍላጎት ተስተካክሎ ሲሰጥ፣ ለጭንቀት እንደሚረዳ በጥናት ተረጋግጧል። በአገራችን ይህን የሚሰጥ ባለሙያ ጥቂት ነው። ግን መምህራን ከፊሉን መሥራት ይችላሉ። ደወሉን የሚፈራ ልጅ ደወሉ ከመደወሉ በፊት ቢነገረው፣ ሰልፉን የሚፈራ መጨረሻ ላይ እንዲገባ ቢደረግ፣ የሚያሾፉበት ልጆች ዛሬውኑ ቢገሠጹ የስንቱ ልጅ ጭንቀት ይቀል ነበር!

ስለ መድኃኒት በግልጽ ልናገር፤ ብዙ ስሕተት የማየው እዚህ ላይ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት ለጠቅላላ ጤና ባለሙያዎች ባዘጋጀው መመሪያ መሠረት ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ የድባቴ መድኃኒት ስፔሻሊስት በሌለበት ቦታ አይጀመርም። በየፋርማሲው የሚገኘው አሚትሪፕቲሊን ለልጅ ድባቴ አይሰጥም፤ አይጠቅምም፣ ከበዛም ልብ ሊያቆም ይችላል። ለታዳጊዎች በስፔሻሊስት ክትትል ከሌላው በፊት የሚታሰበው ፍሉኦክሰቲን ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ግን ለዚህ ዓይነቱ መድኃኒት ስሱ ናቸው፤ በጣም በትንሽ መጠን ተጀምሮ በዝግታ ይጨመራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ከተቁነጠነጠ፣ ቁጣው ከበረታ ወዲያው ለሐኪሙ ይነገራል። ሪስፐሪዶን የሚባለውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የተፈቀደው ለከባድ ቁጣና ራስን ለመጉዳት ነው። ድባቴን አያክምም። ልጁን ያረጋጋዋል፣ እኛም ዝም ሲል የዳነ ይመስለናል፤ ክብደቱ ይጨምራል፣ ሐዘኑ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ከጎረቤት ልጅ የተረፈ ኪኒን ተውሶ መስጠት በፍጹም አይገባም።

ልጃችሁ «መሞት እፈልጋለሁ» ካለ፣ ቃሉን ከቴሌቪዥን የደገመው ቢመስላችሁም፣ በእርጋታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። በዚያው ቀን ማላታይኑን፣ የአይጥ መርዙን፣ በረኪናውን፣ መድኃኒቱን ሁሉ ቆልፉ፤ ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የት ይወሰድ? ከሰበታ በአለም ገናና በአየር ጤና፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ ወርዶ ሁሉም አዲስ አበባ ነው፤ አማኑኤል፣ የካቲት 12 ወይም ጳውሎስ ሆስፒታል። በታክሲ ውስጥ በጩኸትና በግፊያ የታመመ ልጅ ይዞ መሄድ ምን እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በዚያ ላይ ፍርሃቱ አለ። እዚሁ በቡራዩ በኩል ያለው ገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ለብዙ ዘመን ስሙ ማስፈራሪያ ሆኖ ኖሯል፤ «የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው» ስትባል «ገፈርሳ ልታስገቡብኝ ነው ወይ» የምትል እናት አለች። ልጅን ለድባቴ ማሳከም ማገገሚያ ማስገባት አይደለም። ይመረመራል፣ ይመከራል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ጠበል ለሚወስዱም ልናገር። ሱሉልታ ለእንጦጦ ጠበል ጀርባዋን ሰጥታ አልኖረችም፤ እምነታችሁን አልነካም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አይጋጩም ብለው በግልጽ አስተምረዋል። አባቶቼ፣ ይኸው ቃል ለእነዚህ ልጆችም ያስፈልጋል፤ «መድኃኒቱን እየወሰደ ይጠመቅ፣ ልጁ ሲጮህም ጋኔን ነው ብላችሁ አትምቱት» በሉልን።

አንድ እናት በሯን በልጇ ላይ ቆልፋ ወደ አበባ እርሻው ወይም ወደ ፋብሪካው ስትሄድ ልንፈርድባት አይገባም። ማን ጋር ትተወው? የተቆለፈበት ልጅ ግን ይደበታል፤ የቆለፈችው እናትም ትደበታለች። በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒኮች ውስጥ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የእነ ደጀኔ ጥላሁን ጥናት ከአሳዳጊዎቹ ግማሽ የሚጠጉት ኀፍረት እንደሚሰማቸው፣ ከአራቱም ሦስቱ ያህል ለልጃቸው የትምህርት ቦታ እንደቸገራቸው አሳይቷል። የልጃቸውን ሁኔታ ከሰው የሚደብቁም ነበሩ። ዘሚ የኑስ የተባለችው እናት ኦቲዝም ያለበትን ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጣች ጊዜ ግን አልደበቀችውም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እስክታርፍም ድረስ በየመድረኩ ስለ እነዚህ ልጆች ተናገረች። በኋላም ወላጆች ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ሁለቱም ግን አዲስ አበባ ናቸው። ሰበታ ዓይነ ስውራንን በማስተማር በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ ስሟ በመላው አገር የታወቀ ከተማ ናት። ይህች ከተማ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የሚሆን ክፍል ልትነፈግ አይገባም።

ሦስቱን ከተሞቻችንን ለያዘው የሸገር ከተማ ጤና ኃላፊዎች የማቀርበው ልመና ግዙፍ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ብቻ ነው፤ ለአገራችን ተስማምቶ አዲስ አበባ ውስጥ ተሞክሯል፤ የእናትየዋንም ጭንቀት አብሮ ያያል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ እነዚህ ልጆች አጭር ሥልጠና ሲያገኙ አመለካከታቸው እንደሚለወጥም በአገራችን ተጠንቷል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በእያንዳንዳቸው አንድ ጤና ጣቢያ በወር አንድ ቀን ይመደብ፤ ያን ቀን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይምጣ፣ ልጆቹ ሳይሰለፉ ይታዩ። እናንተ ወላጆች ደግሞ በዚያ ቀን የቀን መቁጠሪያችሁን ይዛችሁ ኑ። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ ልጃችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ቅድሚያ ውሰዱ።